ጎረቤቱ ሲለወጥ፦ የሾው ሰፈር ታሪክ እና የእኛ ጥያቄ



ቤተ ክርስቲያናችሁ ያለችበትን ሰፈር ምን ያህል ታውቁታላችሁ? እሑድ እሑድ መዝሙራችሁ ከአጥሩ አልፎ የሚሰማው ማን ቤት ነው? በዚያ ቤት ከሃያ ዓመት በፊት ማን ይኖር ነበር? ያ ሰው አሁን የት ነው ያለው? የመጀመሪያውን ጥያቄ ብዙዎቻችን እንመልሰዋለን። የመጨረሻው ግን ያስቸግረናል። ሰው ከሰፈር ሲወጣ ደወል አይደወልም። አንድ ቀን በሩ ተዘግቶ እናያለን፤ ከወር በኋላ አዲስ ቀለም ይቀባል፤ ከዓመት በኋላ ማን ይኖርበት እንደነበር እንረሳለን።

በዚህ እትም የማካፍላችሁ ታሪክ የአንድ ሩቅ ሰፈር ታሪክ ነው። ሰፈሩ በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ሰሜን ምዕራብ ክፍል ይገኛል፤ ስሙ ሾው ይባላል። ሩቅ ቢሆንም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሠርተውበታል፣ ነግደውበታል፣ ኖረውበታል፣ ከዚያም ወጥተዋል። ይህን ሰፈር የመረጥኩት የአንድ ሰፈር ሰዎችና ገቢያቸው እንዴት እንደሚለወጥ፣ በለውጡም ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ምን ልታደርግ እንደምትችል አጥርቶ ስለሚያሳይ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስባችሁ።

ከባርነት የወጡ ሰዎች ሰፈር

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከደቡብ ግዛቶች ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ወደ ዋሽንግተን ጎረፉ። በከተማዋ ባርነት በሕግ የተሻረው በኤፕሪል 1862 ነበር፤ ይህም ፕሬዚዳንት ሊንከን የታወቀውን የነፃነት አዋጅ ተግባራዊ ካደረጉበት ከጃንዋሪ 1863 በፊት መሆኑ ነው። ያመለጡት ሰዎች በከተማዋ ዳር ባሉ የመጠለያ ካምፖች ሰፈሩ። ከእነዚህ አንዱ ዛሬ ሾው በምንለው አካባቢ ነበር። ከካምፑ ቤቶች ወጡ፤ ከቤቶቹም ቤተ ክርስቲያኖች ወጡ።

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በውስጡ ከነበረ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ የተሰየመው በኮሎኔል ሮበርት ጉልድ ሾው ነው። ይህ ነጭ መኮንን 54ኛውን የማሳቹሴትስ የጥቁሮች ክፍለ ጦር ሲመራ በ1863 በጦር ሜዳ የወደቀ ነው። በ1867 ደግሞ ከሰፈሩ አጠገብ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ከባርነት የወጡ ሰዎች ልጆች ሐኪም፣ ጠበቃ፣ መምህርና ሰባኪ ሆነው የወጡት ከዚህ ተቋም ነው።

ለእናንተ ለወጣቶች በተለይ ልጠቅስላችሁ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በባርነት ተወልዶ በኋላ ነፃነቱን ያገኘው አንቶኒ ቦወን በ1853 በዋሽንግተን ለጥቁር ወጣቶች ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ በአገራችን ወወክማ በሚል ስም የምናውቀው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ቅርንጫፍ ነበር። ለጥቁሮች የተቋቋመ የመጀመሪያው ወወክማም እርሱ ነው። በ1912 በ12ኛው ጎዳና ላይ የራሱን ሕንጻ አግኝቷል። ሕንጻው ዛሬም ቆሟል። ልጅ ሆነው በዚያ ኳስ የተጫወቱ፣ ዋና የተማሩ፣ መጽሐፍ ያነበቡ ብዙዎች ናቸው።

ሐኪሙና የቤት ሠራተኛዋ በአንድ ጎዳና

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዘር መለያየት በዋሽንግተን የዕለት ተዕለት ሕይወት ሆነ። በብዙ ሰፈሮች የቤት ውል ላይ፣ ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥና እንዳይከራይ የሚከለክል ግዴታ ይጻፍ ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን በመሀል ከተማ ምግብ ቤቶች ተቀምጠው መብላት፣ በሆቴሎች ማደር አይችሉም ነበር። ስለዚህ የሚችሉትን ሁሉ በራሳቸው ሰፈር ሠሩ።

በ1903 በዩ ጎዳና ላይ በጥቁር አርክቴክት ተነድፎ፣ በጥቁሮች ገንዘብ ትልቅ ሕንጻ ተሠራ። በ1910 ሀዋርድ ቲያትር፣ በ1922 ሊንከን ቲያትር ተከፈቱ። ጆን ዋይትሎ ሉዊስ የሚባል ሰው በ1913 ባንክ፣ በ1919 ደግሞ ሆቴል ከፈተ። ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በዚሁ አካባቢ ነው። የጥቁሮችን ታሪክ የሚዘክር ሳምንት በ1926 ያስጀመረው የታሪክ ምሁር ካርተር ዉድሰን የኖረውና የሠራው በሾው 9ኛ ጎዳና ላይ ባለ አንድ ቤት ነው።

የእኛም አገር ስም በዚያ ሰፈር ይጠራ ነበር። በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሊዮ ሀንስበሪ ከ1922 ጀምሮ የአፍሪካን፣ በተለይም የኢትዮጵያን ጥንታዊ ታሪክ ያስተምሩ ነበር። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት በሀዋርድ ነው፤ በኋላም በፋሺስት ወረራ ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ድጋፍ አስተባብረዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ሀዋርድ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል።

እዚህ ላይ የሰፈሩን ሰዎችና ገቢያቸውን አስተውሉ። በዘር ሲታይ ሰፈሩ አንድ ዓይነት ነበር፤ በገቢ ሲታይ ግን ድብልቅ ነበር። ሐኪሙ፣ የዩኒቨርሲቲው መምህር፣ የባቡር ተሸካሚው፣ በሰው ቤት ልብስ የምታጥበው እናት ሁሉም በአንድ ጎዳና፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበር ላይ ይገናኙ ነበር። የድሀው ልጅ ጠበቃ ምን እንደሚመስል ለማየት ከሰፈሩ መውጣት አያስፈልገውም ነበር።

ይህን ስል ያን ዘመን እንድትናፍቁት አይደለም። ከትላልቆቹ ጎዳናዎች ጀርባ በጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ ውኃና መብራት በቅጡ የሌላቸው፣ ብዙ ቤተሰብ የታጨቀባቸው ቤቶች ነበሩ። ሐኪሙና አጣቢዋ ጎረቤት የሆኑት መርጠው ሳይሆን ሁለቱም ሌላ ቦታ መሄድ ስለተከለከሉ ነው። በግፍ አጥር ውስጥም ግን ሰዎች መልካም ነገር ገንብተዋል። ግፉንም መልካሙንም አብረን ማስታወስ አለብን።

በሩ ሲከፈት የወጣው ገንዘብ

በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ፍርድ ቤቶች ያንን የዘር ክልከላ ያለበትን የቤት ውል ማስፈጸም እንደማይችሉ ወሰነ። ከተወሰኑት ክሶች አንዱ የመጣው ከዋሽንግተን ነበር፤ የተሟገተውም በሀዋርድ የሕግ ትምህርት ቤት ያስተማረው ቻርልስ ሂውስተን ነው። በ1953 ምግብ ቤቶች፣ በ1954 ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ይህ የጸሎትና የትግል ፍሬ ነው፤ ማንም አማኝ ሊደሰትበት ይገባል።

ነገር ግን በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው መውጣት የሚችለው ሰው ነው። ሐኪሙ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ገዛ፤ መምህሩም ተከተለው። በሌላ በኩል የከተማዋ ነጮች በብዛት ወደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከተሞች ፈለሱ። በ1950 የዋሽንግተን ሕዝብ 802,178 ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት እየቀነሰ ሄደ። በ1970 ከነዋሪው 71 በመቶ ያህሉ ጥቁር ነበር። ሾው ጥቁር ሆኖ ቀጠለ፤ በገቢ ግን ድብልቅነቱን አጣ። መውጣት ያልቻሉት ተከራዮችና አረጋውያን ቀሩ። ሱቆቹም ደንበኞቻቸው ኪስ እየሳሳ ሲሄድ አብረው ሳሱ።

በዚያን ጊዜ መንግሥት ያረጁ ሰፈሮችን አፍርሶ እንደገና የመሥራት ዕቅድ ነበረው። በ1950ዎቹ የከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ክፍል በዚህ ዕቅድ ተጠርጎ ፈርሶ ከ20,000 በላይ ሰዎች ተፈናቅለው ነበር። የሾው ሰዎች ያንን አይተዋል። የኒው ቤቴል ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ የነበሩት ዋልተር ፎንትሮይ በ1966 የሰፈሩን ቤተ ክርስቲያኖችና ነዋሪዎች ያቀፈ ድርጅት አቋቋሙ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ ሰፈሩ ይታደስ፣ ነገር ግን ዕቅዱን የሚያወጡት የሚኖሩበት ሰዎች ይሁኑ፤ ሲታደስም የሚኖሩበት እነርሱ ይሁኑ። በ1967 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ መጥተው በሰፈሩ ከነዋሪዎቹ ጋር በሰልፍ ተጓዙ፤ ዕቅዱንም ደገፉ።

የ1968 እሳት

ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ዶክተር ኪንግ በሜምፊስ ተገደሉ። በዚያች ሌሊት ሐዘኑና ቁጣው በዩ ጎዳናና በ14ኛው ጎዳና መገናኛ ገነፈለ። ለቀናት 14ኛው ጎዳና፣ 7ኛው ጎዳናና ሌሎችም ተቃጠሉ። ወታደሮች በከተማዋ ተሰማሩ፤ ከ6,000 በላይ ሰዎች ታሰሩ፤ ከ1,000 በላይ ሕንጻዎች ተጎዱ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ሱቅ ብቻ ሳይሆን ከሱቆቹ በላይ የነበሩ የድሆች ቤቶችም ተቃጥለዋል።

ከእሳቱ በኋላ ብዙ ቦታዎች ለሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ባዶ ቀሩ። ባንኮች ማበደር፣ የመድን ድርጅቶች መድን መስጠት አልፈለጉም። በ1980ዎቹ ክራክ የሚባለው አደንዛዥ ዕፅ ገብቶ ብዙ ወጣቶችን በላ። በዚያው ዘመን መጨረሻ የምድር ባቡር ለመሥራት ዩ ጎዳና ሲቆፈር፣ እሳቱን ተርፈው የነበሩ አንዳንድ ሱቆች ደንበኛ አጥተው ተዘጉ።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን ሁለት ምዕመናን ያደረጉትን ላንሣ። ሊንከን ቴምፕል በሾው የነበረች የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ አጀማመሯም ከባርነት ለወጡ ሰዎች ከተደረገ አገልግሎት ነው። ዌስትሞርላንድ ደግሞ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሜሪላንድ ያለች የነጮች ቤተ ክርስቲያን ናት። ሁለቱ ተባብረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በ7ኛው ጎዳና ላይ ባለ አሥር ፎቅ የመኖሪያ ሕንጻ ሠሩ፤ ኪራዩም ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው የሚችለው እንዲሆን አደረጉ። ስሙንም ከሁለቱ ስም አጣምረው ሊንከን ዌስትሞርላንድ አሉት። ፈርስት ራይዚንግ ማውንት ዛዮን የምትባለው ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንም በዚያው ጎዳና የራሷን የመኖሪያ ሕንጻ ሠራች። ያን ጊዜ በዚያ ጎዳና ገንዘቡን የሚያፈስ ነጋዴ አልነበረም። ሰዎቹ እንደ ሞኝ ሳይታዩ አልቀሩም። የዚህን ፍሬ ወደ ኋላ እናየዋለን።

የእኛ ሰዎች ሲመጡ

ከ1974 አብዮት በኋላ በአሜሪካ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች መመለስ አልቻሉም። የ1980 የስደተኞች ሕግ ደግሞ በሱዳንና በሌሎች አገሮች የነበሩ ወገኖቻችን እንዲገቡ መንገድ ከፈተ። በ1990ዎቹ ዲቪ ተጨመረ። በዋሽንግተን የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የበዙት ከሾው ሰሜን ምዕራብ ባለው አዳምስ ሞርጋን በተባለ ሰፈር ነበር። ሰው ታክሲ ይነዳል፣ በመኪና ማቆሚያ ይሠራል፣ ማታ ማታ ይማራል፤ ቅዳሜ እንጀራ ወዳለበት ይሄዳል።

አዳምስ ሞርጋን ኪራይ ሲወደድበት የእኛ ነጋዴዎች ርካሽ ቦታ ፈለጉ። ያንንም በሾው አገኙ። የምድር ባቡሩ በ1991 ተከፍቶ ነበር፤ በ9ኛው ጎዳናና በዩ ጎዳና ግን ገና ብዙ ሱቆች ባዶ ነበሩ። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ምግብ ቤት፣ የሙዚቃ ቤት፣ የፀጉር ቤት፣ የጉዞ ወኪል ተከፈተ። ለዓመታት መብራት ያልበራባቸው መስኮቶች በሩ፤ የቡና ሽታ በጎዳናው ላይ ተሰማ።

በ2005 አካባቢ ከእኛ ወገኖች አንዳንዶቹ በ9ኛው ጎዳና ያለው ያ ክፍል በይፋ ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ እንዲሰየም ጠየቁ። በሎስ አንጀለስ በ2002 እንዲህ ያለ ስያሜ ተሰጥቶ ስለነበር ነገሩ ቀላል መስሏቸው ነበር። የሾው ጥቁር አሜሪካውያን ግን ተቃወሙ። ነገሩን በእነርሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። አያቶቻቸው ከባርነት ወጥተው የሠሩት ሰፈር ነው፤ ዉድሰን የኖረው በዚያው ጎዳና ነው፤ እሳቱንም፣ ክራኩንም፣ ቁፋሮውንም የቻሉት እነርሱ ናቸው። አሁን ሰፈሩ ሊያገግም ሲል ስሙ የሌላ ሰው ይሁን ተባለ። ስያሜው ያን ጊዜ ሳይጸድቅ ቀረ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ኪራዩ በሾውም ወጣ። ከነጋዴዎቻችን ብዙዎቹ በተራቸው ወደ ሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ ቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ ሄዱ። የእኛ ሰዎች በአንድ ሰፈር ውስጥ በሃያ ዓመት ጊዜ እንግዳም፣ አልሚም፣ ተፈናቃይም ሆነዋል። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ደራሲ ዲናው መንግሥቱ በ2007 ባሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ፣ በሾው አጠገብ ባለው ሎገን ሰርክል ሱቅ የከፈተን ኢትዮጵያዊና እየተለወጠ ያለውን ሰፈሩን የጻፈው በዚሁ ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛ የምታነቡ ብትፈልጉት ትጠቀሙበታላችሁ።

ቁጥር እንዴት ይነበባል?

በከተማ ደረጃ በ2000 ዋሽንግተን 572,059 ሕዝብ ነበራት፤ በ2020 ወደ 689,545 አደገች። በዚያው ጊዜ የጥቁሮች ድርሻ ከ60 በመቶ ወደ 41 በመቶ አካባቢ ወረደ። ሾውንና አጎራባቾቹን በያዘው የፖስታ ክልል የነጮች ድርሻ በ2000 ከመቶ 6 ያህል ነበር፤ በ2010 ወደ 33 ደረሰ። በአሥር ዓመት ማለት ነው! በ2019 የወጣ አንድ አገር አቀፍ ጥናት ከ2000 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ከ20,000 በላይ ጥቁር ነዋሪዎች ከዋሽንግተን ሰፈሮች መፈናቀላቸውን ገልጿል።

አሁን ስለ ገቢ እናስብ። ጋዜጣ ላይ «በሰፈሩ የአንድ ቤተሰብ መካከለኛ ገቢ እጥፍ ሆነ» የሚል ብታነቡ ምን ትላላችሁ? ብዙዎቻችን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድህነት ቀነሰ» እንላለን። ቆዩ። አምስት ቤተሰቦች ያሉበት ጎዳና በሐሳባችሁ ሣሉ። በዓመት 20፣ 25፣ 30፣ 40 እና 60 ሺህ ዶላር ያገኛሉ እንበል። ከታች ወደ ላይ ሲደረደሩ መካከል ላይ ያለው 30 ሺህ ነው። መካከለኛ ገቢ የሚባለው እርሱ ነው። አሁን ኪራይ ጨመረና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቤተሰቦች ወጡ፤ በእነርሱ ቦታ 110 ሺህና 150 ሺህ የሚያገኙ ሁለት ቤተሰቦች ገቡ። አዲሱ ድርድር 30፣ 40፣ 60፣ 110 እና 150 ነው። መካከለኛው ገቢ 60 ሺህ ሆነ፤ እጥፍ ማለት ነው። ሆኖም ከቀሩት ሦስት ቤተሰቦች አንዳቸውም አንድ ዶላር አልተጨመረላቸውም። የወጡት ሁለቱ ደግሞ በቁጥሩ ውስጥ የሉም።

ስለዚህ የሰፈር ገቢ አደገ ሲባል ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ያደገው የነዋሪዎቹ ገቢ ነው ወይስ ነዋሪዎቹ ናቸው የተለወጡት? የወጡትስ የት ገቡ? አሥር ዓመት እየቆየ የሚመጣው የሕዝብ ቆጠራ ሰፈሩን እንጂ ሰውየውን ተከትሎ አይሄድም። ሰውየውን ተከትሎ መሄድ የጎረቤት ሥራ ነው።

ገቢና ሀብትም አንድ አይደሉም። ገቢ በየወሩ የሚገባው ነው፤ ሀብት ደግሞ ዕዳ ተቀንሶ የሚቀረው ቤትና ቁጠባ ነው። አርባን ኢንስቲትዩት የተባለው የጥናት ተቋም በ2016 እንዳወጣው፣ በዋሽንግተን አካባቢ የነጭ ቤተሰብ መካከለኛ ሀብት 284,000 ዶላር ሲሆን የጥቁር ቤተሰብ 3,500 ዶላር ነበር። ይህ ልዩነት የመጣው ከስንፍና አይደለም። ያ የቤት ውል ላይ የተጻፈ ክልከላ አያትየውን ዋጋው የሚያድግ ቤት እንዳይገዛ ሲከለክል፣ የልጅ ልጁ የሚወርሰው ነገር አሳጥቷል።

በሾው ቤት የነበራቸው አንዳንድ አረጋውያን ቤታቸውን በጥሩ ዋጋ ሸጠው ልጆቻቸውን አስተምረዋል። የደኅንነቱ ሁኔታ ተሻሽሏል፤ ምግብ መሸጫዎች ተከፍተዋል፤ ልጆች ማታ ያለ ፍርሃት የሚሄዱባቸው ጎዳናዎች በዝተዋል። እነዚህ እውነተኛ በረከቶች ናቸው። ችግሩ ተከራዩ ከበረከቱ ሊቋደስ ሲል ኪራዩ ገፍቶ ማስወጣቱ ነው። በመንግሥት ድጎማ ርካሽ የነበሩ ብዙ ሕንጻዎች ውላቸው ሲያበቃ ባለቤቶቹ ወደ ገበያ ዋጋ ሊያዞሯቸው ቻሉ። የከተማዋ የ1980 ሕግ፣ ባለቤቱ ሕንጻውን ሲሸጥ ቀድሞ የመግዛት ዕድል ለተከራዮቹ ይሰጣል። ተባብረው ገንዘብ ያፈላለጉ ተከራዮች በዚህ ሕግ ቤታቸውን አድነዋል፤ ያልተባበሩት ወይም ያልሰሙት ግን ዕድሉ አምልጧቸዋል።

እሑድ ጠዋት በሾው

ከቤተ ክርስቲያን አንጻር ለውጡ በግልጽ የታየው እሑድ ጠዋት ነው። ከሰፈሩ የወጡት ምዕመናን አጥቢያቸውን አልተዉም፤ ከሜሪላንድ እየነዱ ይመጡ ነበር። የመኪናው ብዛት ጎዳናውን ይሞላል፤ ሰው መኪናውን በሌላው መኪና ጎን ደርቦ ያቆማል። አዲሶቹ ነዋሪዎች ከቤት መውጫ አጣን ብለው ለከተማው አመለከቱ። ለአርባ ዓመት ማንም ያልጠየቀው ነገር በ2000ዎቹ ክርክር ሆነ። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። ነገር ግን አንዱ የሌላውን በር አንኳኩቶ ሳይተዋወቅ ነው በአቤቱታ የተገናኙት።

አንዳንድ ቤተ ክርስቲያኖች ሕንጻቸውን ሸጠው ምዕመናኑ ወዳሉበት ወደ ሜሪላንድ ሄዱ። ሊንከን ቴምፕል ከመቶ አርባ ዓመታት በላይ ካገለገለች በኋላ፣ ምዕመናኗ እያነሱ ሄደው በ2018 ተዘጋች። በ2019 ደግሞ በ7ኛው ጎዳና ጫፍ ያለ አንድ ሱቅ ለዓመታት ከበሩ ያሰማው የነበረው ጎጎ የተባለ የከተማዋ ሙዚቃ፣ ከአዲስ ሕንጻ ነዋሪ በመጣ አቤቱታ ጸጥ እንዲል ተደረገ። ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ተቃወመ፤ ሙዚቃው ተመለሰ። ሰዎቹ የተከራከሩት ስለ ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ «እዚህ መኖራችን ይሰማል ወይ?» እያሉ ነበር።

አሁን የተውኩላችሁን ነገር ላምጣ። ሊንከን ቴምፕል ተዘግታለች። ሊንከን ዌስትሞርላንድ ግን ከሾው የምድር ባቡር ጣቢያ አጠገብ ቆሟል። ሰፈሩ ከተወደደ በኋላ እንኳ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች በውስጡ ቀርተዋል። ከድሮዎቹ የሾው ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬም በሰፈሩ ያሉት ቤተ ክርስቲያኖች በዚያ ክፉ ዘመን በሠሯቸው እንዲህ ባሉ ሕንጻዎች ነው። እነዚያ አማኞች መሬቱ ርካሽ፣ ሰፈሩ የተናቀ በነበረ ጊዜ ስለ ጎረቤታቸው የነገ ቤት አሰቡ። መሬቱ ከተወደደ በኋላ ቢያስቡ ኖሮ አቅም አይኖራቸውም ነበር።

ወደ ራሳችን ሰፈር

ወጣቶች ሆይ፣ የአዲስ አበባ ሰፈሮችም እየተለወጡ ነው። የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ሲሄዱ፣ በቦታው ፎቅ ሲቆም አይተናል። የእኛ ታሪክ ከሾው ይለያል፤ እዚያ ዋናው ገፊ የገበያ ኪራይና የዘር ታሪክ ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ መሬቱ የመንግሥት ነው፤ መፍረስም ሆነ መሥራት በአብዛኛው በመንግሥት ዕቅድ ይመራል። በሁለቱም ቦታ ግን የሚበተነው አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ እድሩ፣ የቡና ጎረቤቱ፣ ልጅ ሲታመም በሌሊት የሚጠራው ሰው። አዲስ ቤት ሻወርና ወጥ ቤት ሊኖረው ይችላል፤ እነዚህ ግን አብረው ተጭነው አይሄዱም።

ቅዱስ ቃሉ ስለዚህ ዝም አላለም። ናቡቴ የአባቶቹን ርስት አልሸጥም ሲል ንጉሡ አክዓብ በቦታው ሊተክል ያሰበው የአትክልት ስፍራ ነበር፤ ነቢዩ ኤልያስ የጠየቀው ግን ስለ አትክልቱ ውበት ሳይሆን ስለ ናቡቴ ደም ነው። ኤርምያስም ለምርኮኞቹ በጻፈው ደብዳቤ፣ የተወሰዱባትን እንግዳ ከተማ እንደ ጠላት ሳይሆን መልካሟን እየሹ እንዲኖሩባት መክሯቸዋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ ስድስት ላይ ደግሞ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ መበለቶች በዕለት እርዳታ በተረሱ ጊዜ ጉባኤው ቅሬታቸውን ሰምቶ ሰባት አገልጋዮች መረጠ። በእኛ አጥቢያስ የተረሳው ማን ነው? አዲስ የገባው ነው ወይስ የወጣው?

እንግዲህ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ሳምንት ከጉባኤያችሁ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ዘንድ ሂዱ። «እማማ፣ እዚህ ሰፈር ሲመጡ ጎረቤትዎ ማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ስሞቹን ጻፉ። የት እንደሄዱ ጠይቁ፤ ከተገኙም በስልክ ደውሉላቸው፣ ከተቻለም ሄዳችሁ ጎብኟቸው። ከዚያ በአዲሱ ፎቅ የገቡትን ሰዎች በር አንኳኩና ራሳችሁን አስተዋውቁ፤ ስለ መኪና ማቆሚያ ወይም ስለ ድምፅ ማጉያ አቤቱታ ከመምጣቱ በፊት ተዋወቁ።

ለቡድን ውይይት

1. በሰፈራችን ባለፉት አሥር ዓመታት ማን ገባ? ማን ወጣ? ለምን?
2. የሾው ኢትዮጵያውያን ስያሜ ሲጠይቁ ቀድመው ሊያደርጉት ይገባ የነበረ ነገር ምን ይመስላችኋል?
3. ምዕመናኗ ከሰፈሩ የወጡባት ቤተ ክርስቲያን ተከትላቸው መሄድ አለባት ወይስ መቆየት? ለእያንዳንዱ ምክንያት ስጡ።
4. ሊንከን ቴምፕልና ዌስትሞርላንድ ቤት ሠሩ። ወጣት ሆነን፣ ገንዘብ ሳይኖረን፣ ለጎረቤቶቻችን ዛሬ ልንጀምረው የምንችለው አንድ ነገር ምንድን ነው?

ጌታ ይባርካችሁ።